ስትሮክን የሚያክመው ቡድን፦ እርስዎም አባል ነዎት



በዚህ እትም የምናነሣው በድንገት መጥቶ ጤነኛውን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ አልጋ ላይ ስለሚጥለው ስለ ስትሮክ ነው። በሰፈራችን አንዳንዱ «ግፊት ጣለው» ይላል፤ ሌላው «መጋኛ መታው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ግማሽ ጎኑን ያዘው» ይለዋል። አጠራሩ ቢለያይም ጉዳዩ አንድ ነው። ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ቧንቧ በረጋ ደም ተዘግቷል፣ ወይም ቧንቧው ፈንድቶ ደም በአንጎል ውስጥ ፈስሷል ማለት ነው።

ስለ ስትሮክ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ጥሩ ሐኪም የት ይገኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ስትሮክን አንድ ሐኪም ብቻውን አያክመውም፤ የሚያክመው ቡድን ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በስትሮክ ማዕከል ውስጥ እነማን እንደሚሠሩ፣ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚያደርጉና ከእርስዎ ምን እንደሚፈልጉ ለመግለጽ ነው። ካምፑ ውስጥ የስትሮክ ማዕከል በሌለበት ይህን ማወቅ ምን ይጠቅመናል ይሉ ይሆናል። የሚጠቅመው የቡድኑ የመጀመሪያ ሥራ የሚሠራው በእርስዎ መጠለያ ውስጥ ስለሆነ ነው፤ የመጨረሻውም ሥራ እዚያው ነው።

አንድ ሐኪም ለምን አይበቃም?

አንጎል የማያዘው የሰውነት ክፍል የለም። መራመድ፣ መናገር፣ መዋጥ፣ ማየት፣ ሽንት መቆጣጠር፣ ማስታወስ፣ መደሰትና ማዘን ሁሉም ከአንጎል ይመነጫሉ። ስለዚህ ስትሮክ የመታው ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ሊያጣ ይችላል። እግሩን የሚያየው ባለሙያ መዋጡን አያይም፤ መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ በሽተኛውን አያገላብጥም።

በ2013 የወጣ አንድ ጥናት በተለያዩ አገሮች የተደረጉ 28 ሙከራዎችን ሰብስቦ መርምሯል። በሙከራዎቹ 5,855 ሰዎች ተካፍለዋል። የተገኘው ውጤት ግልጽ ነው። በስትሮክ ላይ የሠለጠነ ቡድን በአንድ ክፍል ሰብስቦ ያከማቸው ሰዎች በተራ ክፍል ከታከሙት ይልቅ ከአንድ ዓመት በኋላ በሕይወት የመገኘት፣ በቤታቸው የመኖርና ራሳቸውን የመቻል ዕድላቸው የበለጠ ነበር። ይህም ለወጣትም ለሽማግሌም፣ ለወንድም ለሴትም፣ ቀላል ስትሮክ ለያዘውም ከባድ ስትሮክ ለያዘውም ሠርቷል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአገራችን አባባል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

የቡድኑ የመጀመሪያ አባል፦ ቤተሰብና ጎረቤት

ስትሮክን ቀድሞ የሚያየው ሐኪም አይደለም። ሚስት፣ ባል፣ ልጅ፣ ጎረቤት ወይም ሻይ ቤት አብሮ የተቀመጠ ጓደኛ ነው። የሚከተሉትን ምልክቶች ይወቁ፦

• ፊት፦ ፈገግ እንዲል ይጠይቁት። የአፉ አንድ ጎን ወደ ታች ወርዷል?
• ክንድ፦ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ፊት አንሥቶ እንዲይዝ ይንገሩት። አንዱ እጅ ይወድቃል?
• ንግግር፦ አንድ ቀላል ዓረፍተ ነገር እንዲደግም ይጠይቁት። ምላሱ ይተሳሰራል? ቃል ጠፍቶበታል? የሚሉትንስ መረዳት አቅቶታል?
• ጊዜ፦ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ሰዓት ሳያባክኑ ወደ ክሊኒክ ይውሰዱት፤ አምቡላንስም ይጥሩ።

ከዚህም ሌላ የአንድ ወይም የሁለት ዓይን እይታ በድንገት መጥፋት፣ ድንገተኛ ሚዛን ማጣትና ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ኃይለኛ ራስ ምታት የስትሮክ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ።

ምልክቱ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ቢጠፋስ? «ተሻለው፣ ተመስገን» ብለው አይተዉት። ይህ የትልቁ ስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ አደጋው ከፍተኛ የሚሆነውም በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ውስጥ ነው። በዚያው ቀን መመርመር አለበት።

አሁን ደግሞ ማድረግ የሌለብዎትን እንመልከት፦

• ውሃ፣ ሻይ፣ ወተት ወይም ምግብ አይስጡት። መዋጥ አቅቶት ከሆነ ወደ ሳንባው ይገባና የሳንባ ምች ያስከትልበታል።
• አስፒሪን አይስጡት። ስትሮኩ ደም በመፍሰስ የመጣ ከሆነ አስፒሪን ያባብሰዋል። የትኛው ዓይነት እንደሆነ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም።
• ግፊቱን ለማውረድ ብለው ከጎረቤት የግፊት ክኒን ተበድረው አይስጡት።
• እስኪነጋ አይጠብቁ።

ካንቀላፋ ወይም ካስታወከ በጎኑ ያስተኙት። ጠበልም ሆነ ዱዓ የሚከለክል የለም፤ ጸሎቱ ግን በመንገድ ላይም በሆስፒታልም ይደረጋል፤ ሕክምናውን ማዘግየት የለበትም።

ከሁሉ በፊት የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ

ክሊኒክ ሲደርሱ ነርሷ «መቼ ጀመረው?» ትልዎታለች። የሆስፒታሉ ሐኪምም ይህንኑ ይጠይቃል። ጥያቄው ለወግ ያህል የሚጠየቅ አይደለም። የረጋ ደም የሚያሟሟው አልቴፕላዝ የተባለው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ትልቅ ቧንቧ የዘጋውን የረጋ ደም በቀጭን ቱቦ ጎትቶ የማውጣት ሕክምና ደግሞ ተመርጠው ለተለዩ ሕሙማን እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊደረግ እንደሚችል በጥናት ታይቷል።

ታማሚው ከእንቅልፉ ሲነሣ ምልክቱ ከታየበት «ጠዋት ጀመረው» አይበሉ። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው? ማታ 3 ሰዓት ላይ እራት በልቶ፣ ተጫውቶ ተኝቶ ከሆነ ሐኪሙ የሚፈልገው ያንን ሰዓት ነው። በወረቀት ጽፈው ይላኩት። የምንጠቀመው የሐበሻ ሰዓት ከኬንያው የእንግሊዝኛ ሰዓት በ6 ሰዓት ስለሚለያይ «ማታ 3 ሰዓት» ያሉት ሌሊት 9 ሰዓት ሆኖ እንዳይመዘገብ «በእኛ» ወይም «በእነሱ» ብለው ይለዩ።

በሄልሲንኪ የሆነው

ቡድን ጊዜን እንዴት እንደሚያተርፍ ከፊንላንድ ዋና ከተማ ከሄልሲንኪ አንድ ምሳሌ እናምጣ። በ1998 በከተማዋ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አንድ የስትሮክ ታማሚ በር ከገባበት ጊዜ የማሟሟያው መድኃኒት እስከሚጀመርለት ድረስ በመካከለኛ ግምት 105 ደቂቃ ያልፍ ነበር። በ2011 ይህ ጊዜ ወደ 20 ደቂቃ ወርዷል።

ይህ የሆነው በአንድ ጎበዝ ሐኪም አይደለም። በዓመታት ውስጥ 12 ለውጦች ተደርገዋል፤ አብዛኞቹም የሥራ አደረጃጀት ለውጦች ናቸው። የአምቡላንስ ሠራተኞች ገና በመንገድ ላይ ሳሉ ይደውላሉ። የስትሮክ ቡድኑ በር ላይ ይጠብቃል። የታማሚው የቀድሞ ሕክምና መዝገብ ከመድረሱ በፊት ይነበባል፤ ቤተሰብም በስልክ ይጠየቃል። ታማሚው አልጋ ሳይቀየርለት በቀጥታ ወደ ሲቲ ስካን ይገባል። ምስሉ ደም እንዳልፈሰሰ ሲያሳይ መድኃኒቱ እዚያው ማሽኑ ላይ ሳለ ይጀመርለታል።

ሲቲ ስካን የግድ የሆነበት ምክንያት አለ። የሚያሟሟው መድኃኒት ደም ለፈሰሰበት ሰው ቢሰጥ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ምስሉ እስኪነበብ ድረስ የነርቭ ሐኪሙ እጁን ይሰበስባል።

ከሄልሲንኪ የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ ከተተረፈው ጊዜ ትልቁ ድርሻ የተገኘው ታማሚው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት በተሠራ ሥራ ነው። መደወል፣ ሰዓቱን መናገር፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ማሳወቅ ማሽን አይፈልጉም። እኛም ልናደርጋቸው እንችላለን።

«እኛ ግን ሩቅ ነን» ለሚሉ

እውነቱን እንነጋገር። ከካኩማ እስከ ሎድዋር ብቻ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ናይሮቢ ከዚያ እጅግ ይርቃል። በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መድኃኒቱ ያለበት ሆስፒታል መድረስ ከካምፕ ለሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ አይሳካም። ታዲያ መቸኮሉ ከንቱ ነው? አይደለም።

አንደኛ፣ አንዳንድ ጊዜ ስትሮክ የሚመስለው ነገር የስኳር መጠን ከመጠን በላይ መውረድ ሊሆን ይችላል። ይህ በካምፑ ክሊኒክ በአንድ ጠብታ ደም ተለይቶ በደቂቃዎች ይታከማል። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ሰው የሚሞተው በስትሮኩ ብቻ አይደለም፤ ትኩሳት፣ ከፍተኛ ስኳር፣ ወደ ሳንባ የገባ ምግብና የሳንባ ምች ተጨምረውበት ነው። እነዚህን መከላከል የተራቀቀ መሣሪያ አይጠይቅም።

ይህን በአውስትራሊያ ነርሶች አሳይተዋል። በ2011 ውጤቱ የታተመ ጥናት በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በ19 የስትሮክ ክፍሎች ተካሂዷል። በአንዳንዶቹ ክፍሎች ነርሶች ሦስት ነገር አጥብቀው እንዲከታተሉ ሠለጠኑ፦ ትኩሳትን በየጊዜው መለካትና ማውረድ፣ ስኳርን መቆጣጠር፣ ታማሚው ምግብም ሆነ መጠጥ ከመቅመሱ በፊት መዋጥ መቻሉን መፈተሽ። ከ90 ቀናት በኋላ በእነዚህ ክፍሎች ከታከሙት የሞቱት ወይም በሰው እጅ የቀሩት 42 በመቶ ነበሩ። እንደ ቀድሞው በሚሠራባቸው ክፍሎች ግን 58 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጡት የሙቀት መለኪያ፣ የስኳር መለኪያና አንድ ማንኪያ ውሃ በጥንቃቄ የምትሰጥ ነርስ ናቸው። ስለዚህ «ሰዓቱ አልፏል» ብለው ታማሚውን ቤት አያስቀሩት።

በአልጋው ዙሪያ የሚቆሙት

ሪፈራል ተጽፎልዎት ቤተሰብዎን ይዘው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ቢሄዱ ብዙ ባለሙያዎች ይመጣሉ። ሁሉም በየተራ ሲጠይቁ አይሰልቹ፤ የእያንዳንዳቸው ሥራ የተለየ ነው።

ነርሷ፦ ሌሊትና ቀን ከታማሚው ጋር የምትውል እሷ ናት። ግፊት፣ ትኩሳት፣ ስኳርና ንቃቱን ትለካለች፤ እንዳይቆስል ታገላብጠዋለች። «ምንም እንዳትሰጡት» ካለችዎት ቢለምንዎትም አይስጡት።

የነርቭ ሐኪሙ፦ ስትሮኩ የትኛው ዓይነት እንደሆነና ከምን እንደመጣ ይፈልጋል። በወጣቶች ላይ ከሆነ የልብ በሽታንም ይመረምራል። በልጅነት ከተደጋገመ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የልብ በር በሽታ በአገራችን ሰዎች ላይ ብዙ ይታያል፤ ከልብ የተነሣ የረጋ ደምም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።

የንግግርና የመዋጥ ባለሙያው፦ ታማሚው ምን ዓይነት ምግብ በምን ዓይነት አቀማመጥ መዋጥ እንደሚችል ይወስናል። ገንፎ ይሻለዋል ወይስ የቀጠነ ነገር? ይህን የሚመልሰው እሱ ነው። ንግግር የጠፋበትንም ያለማምዳል።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦ መቀመጥን፣ መቆምን፣ መራመድን ያለማምዳል። «ቶሎ ካልተነሣ ይደርቃል» ብለው ታማሚውን በመጀመሪያው ቀን በግድ ለማቆም አይሞክሩ። በ5 አገሮች 2,104 ሰዎች የተካፈሉበት በ2015 የታተመ ጥናት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ አብዝቶ ማንቀሳቀስ ጥቅሙን እንደሚቀንስ አሳይቷል። መቼና ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ባለሙያው ይወስን።

የዕለት ተግባር ማለማመጃ ባለሙያው፦ በአንድ እጅ ልብስ መልበስን፣ መታጠብን፣ መጉረስን ያስተምራል። ስለ መጠለያዎ ይንገሩት፦ መጸዳጃው ምን ያህል ይርቃል? በሩ ላይ ደረጃ አለ? የሚተኛው መሬት ላይ ነው? እሱ በሐሳቡ የያዘው ቤት ከእርስዎ ቤት የተለየ ሊሆን ይችላል።

ፋርማሲስቱ፦ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ማየት ይፈልጋል። ማሸጊያቸውን ሳይጥሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። የባህል መድኃኒትም ከወሰደ አይደብቁ።

የሥነ ልቦና ባለሙያውና ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፦ ከስትሮክ ካገገሙ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ በድባቴ ይያዛል። ዝም ማለቱን፣ ማልቀሱን፣ ምግብ መተውን እንደ ስንፍና አይቁጠሩበት፤ ለባለሙያ ይንገሩ።

አስተርጓሚው፦ ብዙ ጊዜ የሚረሳው አባል

በስደት ለምንኖር ሰዎች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ ጠይቆ መልስ ቢያጣ ታማሚው ንግግር ጠፍቶበት ነው ሊል ይችላል። ሰውየው ግን የሚችለው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ ይሆናል። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። በእርግጥ ንግግሩ የጠፋበትን ሰው «ቋንቋ ስለማይችል ነው» ብሎ ማለፍም አለ።

ስለዚህ ከታማሚው ጋር የሚሄደው ሰው መጀመሪያ የሚናገረው ይህን ይሁን፦ ታማሚው የትኞቹን ቋንቋዎች ይችል ነበር? የትኛውን በደንብ? ማንበብና መጻፍስ? ዛሬ በአማርኛ ሲያናግሩት እንዴት ይመልሳል? በሚያስተረጉሙበት ጊዜም ንግግሩን አያሳምሩለት። የተሰባበረውን እንደተሰባበረ፣ ትርጉም የሌለውንም «ትርጉም የለውም» ብለው ይናገሩ። በአዘኔታ የተቃና ትርጉም ሐኪሙን ያሳስተዋል።

ከሆስፒታል ሲመለሱ

አሁን ቡድኑ ሩቅ ነው፤ የቀሩት እርስዎና የካምፑ ክሊኒክ ናችሁ። በቤት የሚደረገው እንክብካቤ ዋና ዋና ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

• ሲያነሡት በደከመው ክንድ አይጎትቱት፤ ትከሻው ይወልቃል። ከጀርባና ከወገቡ ይደግፉት። የደከመውን ክንድ ትራስ ላይ ያሳርፉለት።
• ራሱን መገላበጥ ካልቻለ በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡት። ወገቡን፣ ዳሌውንና ተረከዙን በየቀኑ ይዩ፤ የቀላ ቦታ የቁስል መጀመሪያ ነው።
• ሲያበሉት ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፤ ትንሽ በትንሽ ያጉርሱት። ከሳለ ወይም ድምፁ ከተለወጠ አቁመው ለክሊኒኩ ይንገሩ።
• ንግግሩ ቢጠፋም አእምሮው አለ። እንደ ሕፃን አያናግሩት። በፊቱ ስለ እሱ እንደሌለ ሰው አያውሩ። ጊዜ ይስጡት፤ «አዎ» እና «አይ» የሚባሉ ጥያቄዎችን ይጠይቁት።
• የግፊት መድኃኒቱን አያቋርጡ። ግፊቱ ወረደ ማለት መድኃኒቱ ሠራ ማለት እንጂ በሽታው ለቀቀ ማለት አይደለም።

ስለ ቤተሰብ ድርሻ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። በሕንድ በ14 ሆስፒታሎች 1,250 ታማሚዎችን የተከታተለ በ2017 የታተመ ጥናት ነበር። ቤተሰብን አሠልጥኖ ማገገሚያውን በቤት ማሠራት ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ውጤት አላመጣም። ይህ ማለት ድካምዎ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ሸክሙ ሁሉ በእርስዎ ትከሻ ላይ ብቻ መጣል የለበትም ማለት ነው። ስለዚህ የቀጠሮ ቀን አያሳልፉ። የማገገሚያ ባለሙያ ሲመጣ ታማሚውን ያቅርቡ። ብቻዋን የምታስታምም እናት ወይም ልጅ ካለች ጎረቤት ተራ ይግባላት፤ አስታማሚም ይደክመዋል።

ለጤና በጎ ፈቃደኞች

በቤት ለቤት ጉብኝታችሁ እነዚህን ጨምሩ፦

• ከ40 ዓመት በላይ የሆነን ሰው ሁሉ «ግፊትህን መቼ ተለካህ?» ብላችሁ ጠይቁ። በ2010 የታተመ የ22 አገሮች ጥናት ከስትሮክ አደጋ 90 በመቶ ገደማው በ10 ምክንያቶች እንደሚገለጽ አሳይቷል፤ ከእነዚህ ዋነኛው ደም ግፊት ነው። ማጨስ፣ አመጋገብና የሰውነት እንቅስቃሴ ማነስም ይገኙበታል።
• በየቤቱ የፊት፣ የክንድና የንግግር ምልክቶችን አሠርታችሁ አሳዩ።
• የአምቡላንስ ስልክ በየመጠለያው በር ላይ ተጽፎ እንደሆነ ተመልከቱ። ሌሊት የሚደውል ሰው ክሬዲት አለው? ከሌለው የማንን በር ያንኳኳል?
• ከስትሮክ የተረፉትን መዝግቡ፤ የመድኃኒት ቀጠሯቸውን ተከታተሉ።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ሦስት ነገር ያድርጉ። በቤትዎ ግፊት ያለበት ሰው ካለ የክኒኑን ማሸጊያና የሕክምና ካርዱን በአንድ ፌስታል አድርገው በሚታወቅ ቦታ ይስቀሉ። የአምቡላንሱን ቁጥር ከብሎክ መሪዎ ተቀብለው በስልክዎ ይመዝግቡ። ልጆችዎን «አባባ ፈገግ ሲል አፉ ቢጣመም ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ይጠይቋቸው። መልሱን ካወቁ የቡድኑ የመጀመሪያ አባላት ቤትዎ ውስጥ ናቸው ማለት ነው።